ለክሊን ድምፅ ርካሽ ቲዩብ አምፕ የቱ ይሻላል? ኮምቦልቻ ላለው ጊታሪስት የተሰጠ መልስ

ወንድሜ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ባጭሩ ያልከው እንዲህ ነው፦ ኮምቦልቻ ቅዳሜና እሁድ ሆቴል ላይ ከኪቦርድ፣ ከቤዝና ከድራም ጋር ሊድ ጊታር ትጫወታለህ፣ ጊታርህ ሲንግል ኮይል ፒካፕ (የክሩን ንዝረት የሚያነሳው ማግኔት) ያለው የስትራት፣ ማለትም የፌንደር ስትራቶካስተር ኮፒ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የምትጫወተው ባቲና አምባሰል ነው፣ ድምፁ ክሊን (ንፁህ፣ ያልሻከረ) ሆኖ እንዲወጣልህ ትፈልጋለህ። አክስትህ ከአሜሪካ ልትመጣ ነው፣ አንድ አምፕ ይዤልህ እመጣለሁ ብላሃለች፣ ምርጫው ደሞ አዲስ ባለ 5 ዋት ትንሽ ቲዩብ አምፕ (ድምፁን በመስታወት ቱቦ የሚያጎላ) ከ8 ኢንች ስፒከር ጋር፣ ወይ ደሞ ያገለገለ ፌንደር ብሉዝ ጁኒየር የሚባል ባለ 15 ዋት ቲዩብ አምፕ ነው። "ሁሉም 5 ዋት ይበቃል ይላል፣ ደሞ ቲዩብ ካልሆነ ጥሩ ክሊን አይገኝም ይላሉ፣ እውነት ነው ወይ?" ብለሃል። እኔ ደሴ አምፕና ሳውንድ ሲስተም የምጠግን ሰው ነኝ፣ ይሄ ነገር በየጊዜው ጠረጴዛዬ ላይ ስለሚመጣ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፣ 5 ዋቱን ተወው። ከሁለቱ ብሉዝ ጁኒየሩ ጤነኛ ከሆነ እሱን ውሰድ፣ ጤነኛ ካልሆነ ደሞ ቲዩብ የሚለውን ነገር ትተህ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ጥሩ ትራንዚስተር አምፕ ግዛ። ምክንያቱ ካልገባህ ግን ነገ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ሲነግርህ ትወዛገባለህ፣ ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

5 ዋት ይበቃል የሚሉት ሰዎች አልዋሹህም፣ የሚፈልጉት ነገር ግን ካንተ የተለየ ነው። ብዙዎቹ የሚፈልጉት የቲዩብን ዲስቶርሽን ነው። ከቲዩብ ያ የሚወደድ ዲስቶርሽን (ሻካራው የሮክ ጊታር ድምፅ) የሚወጣው አምፑ ሲወጠር ነው፣ 40 ዋት አምፕ እስኪወጠር ድረስ ደሞ ቤት ውስጥ መቀመጥ አይቻልም፣ ስለዚህ ትንሽ ዋት ይገዛሉ፣ ድምፁ ቶሎ እንዲሰበርላቸው፣ ማለትም ዲስቶርሽን ውስጥ እንዲገባ። አንተ ደሞ የምትፈልገው እንዳይሰበርብህ ነው። እነሱ የሚያመሰግኑት ባህሪ ላንተ ችግር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ስለ አንድ አምፕ ጥሩ አስተያየት ስታነብ መጀመሪያ "ይሄ ሰውዬ ምን አይነት ድምፅ ነው የሚወደው" ብለህ ጠይቅ።

ክሊን ማለት አምፑ የምትሰጠውን ሁሉ ጫፉን ሳይቆርጥ ማሳለፍ መቻሉ ነው፣ ሄድሩም የሚሉት እሱን ነው። ክሩን ስትመታው የመጀመሪያው ምት ከዛ በኋላ ከሚቀረው ድምፅ ብዙ እጥፍ ጉልበት ይፈልጋል። ጆሮህ የሚሰማው አማካዩን ነው፣ አምፑ ግን ጫፉንም መሸከም አለበት። በአማካይ 1 ዋት ብቻ የምትጠቀምበት ጨዋታ ምቱ ላይ 10 ዋት ሊጠይቅ ይችላል፣ እና 5 ዋት ያለው አምፕ እዛ ጋ ጫፉን ይቆርጠዋል፣ መቆረጡ ነው ዲስቶርሽን። ለዚህ ነው ለብቻህ መኝታ ቤት ስትሞክረው ንፁህ የነበረው ትንሽ አምፕ ድራም ሲገባ ድንገት የሚጎረብጠው። አምፑ አልተበላሸም፣ አንተ ድራሙን ለማሸነፍ ቮልዩም ስትጨምርና ክሩንም በኃይል ስትመታ ጫፉ ጣሪያ ነክቶ ነው።

ደሞ የ5 ዋቶቹ ሌላ ነገር አለ፣ ብዙዎቹ ፓወር ቲዩባቸው (ስፒከሩን የሚነዳው ቲዩብ) አንድ ብቻ ነው። ሁለት ፓወር ቲዩብ ያለው አምፕ አንዱ ሲገፋ አንዱ እየሳበ ይሰራል፣ በዚህ አሰራር ከፓወር ቲዩቦቹ ከሚመጣው ዲስቶርሽን የተወሰነው ክፍል እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣው ኸምም (እምምም የሚለው የመብራት ድምፅ) ይቀንሳል። አንድ ቲዩብ ብቻ ሲሆን ይሄ የለም። ለብሉዝ ሶሎ ያ ያማረ ቀለም ነው፣ ላንተ ስራ ግን አይሆንም።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውና ብር የሚያድንልህ ነገር ላይ ደረስን፣ ስፒከር። ከ15 ወደ 30 ዋት ብትሄድ የምታገኘው 3 ዴሲቤል ነው፣ ጆሮ ላይ "ትንሽ ጨመረ" የሚባል አይነት። ለጆሮ እጥፍ መስሎ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ያስፈልጋል፣ ያ ደሞ አስር እጥፍ ዋት ነው። ስፒከሮች ግን ራሳቸው በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት ምን ያህል እንደሚጮሁ በዴሲቤል ተለክቶ ወረቀታቸው ላይ ይፃፋል። አንዱ 94 ሌላው 100 ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም 12 ኢንች፣ ሁለቱም ከሩቅ ሲታዩ አንድ አይነት። የ6 ዴሲቤል ልዩነት በዋት ሲመነዘር አራት እጥፍ ነው። ማለትም 15 ዋት አምፕ ባለ 100 ዴሲቤል ስፒከር ላይ የሚሰጥህ ድምፅ 60 ዋት አምፕ ባለ 94 ዴሲቤል ስፒከር ላይ ከሚሰጥህ እኩል ነው። ሴለስትዮን ቪንቴጅ 30 የሚባለው ስፒከር ለምሳሌ 100 ዴሲቤል ነው የተባለው፣ ግሪንባክ ደሞ 98። ስለዚህ "ብሉዝ ጁኒየሬ ቶሎ ይሰበራል" ብሎ ትልቅ አምፕ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ካለ መጀመሪያ ስፒከሩን ይይ። ስትቀይር ኦሙን (ስፒከሩ ላይ የተፃፈውን የመብራት መቋቋሚያ ልክ) ማየት እንዳትረሳ፣ 8 ኦም የነበረበት ቦታ 8 ኦም ይግባ፣ የሚሸከመው ዋት ደሞ ከአምፑ በደንብ ይብለጥ። የ8 ኢንች ስፒከር ግን በዚህ በኩል ብዙ ተስፋ የለውም፣ ከትንሽ ሳጥን ጋር ሲሆን ወፍራም ክሮችህ ላይ ድምፁ ይሳሳል።

ወደ አንተ ጨዋታ ልምጣ፣ ምክንያቱም የኛ የወሎ ቅኝት ክሊን የሚፈልግበት ምክንያት ከስሜት ያለፈ ነው፣ ፊዚክስ አለው። አምባሰልን ከኤ ብትነሳ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ኖታዎቹ ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው የሚራራቁት፣ ኤ ከቢ ፍላት፣ ኢ ከኤፍ። ባቲም ሜጀሩን ብትወስድ እንደዛው ሁለት ቦታ ግማሽ ድምፅ አለው። አሁን ኤን መተህ ሳትይዘው ቢ ፍላቱን በሌላ ክር ብትደርብበት፣ ክራር ላይ እንደሚደረገው ማለቴ ነው፣ አንዱ 440 ኸርዝ ሌላው 466 ገደማ ይሆናል። ክሊን አምፕ ሁለቱን ለየብቻ ያወጣልሃል፣ ያ መቆንጠጥ ያለበት የሚያምር መጋጨት ይሰማል። ድምፁ የተሰበረ አምፕ ግን ሁለቱን አደባልቆ ከራሱ አዳዲስ ድምፆች ይፈጥራል፣ ልዩነታቸውን 26 ኸርዝ፣ ድምራቸውን፣ ሌላም ሌላም፣ አንዳቸውም ቅኝቱ ውስጥ የሉም። ያንን ነው "ድምፁ ቆሸሸ" የምንለው። ሮክ ላይ ፓወር ኮርድ የሚመታ ሰው መነሻ ኖታውና አምስተኛው ስለሆነ የሚይዘው የሚፈጠሩት ድምፆች ተስማምተው ይገቡለታል፣ ግማሽ ድምፅ ላይ ግን ይሄ አይሰራም። ስለዚህ አንተ አምባሰል ተጫዋች ሆነህ ስለ ሄድሩም መጨነቅህ ልክ ነህ፣ ማንም "ትንሽ ቆሻሻ ድምፅ ይመረጣል" ቢልህ እሱ ሌላ ሙዚቃ ነው የሚጫወተው።

እሺ የትኛው አምፕ? ለክሊን የፌንደር አይነት ሰርኪት ነው የምመክረው። ፌንደሮች ከውጤቱ ትንሽ ወደ ኋላ መልሰው ራሱን እንዲያርም የሚያደርጉበት ነገር አለ፣ ኔጋቲቭ ፊድባክ ይሉታል፣ ድምፁን ያጠራዋል፣ ቤዙንም ያጠብቀዋል። ቮክስ ኤሲ 15 እና ኤሲ 30 ላይ ይሄ የለም፣ ለዛ ነው ቶሎ ማብረቅረቅ የሚጀምሩት፣ ደስ ይላሉ፣ እኔም እወዳቸዋለሁ፣ ግን በትንሽ ዋት ለጠራ ክሊን መጀመሪያ የምሄድባቸው አይደሉም።

ክሊን ሲባል ሁሉም የሚጠራው ዴሉክስ ሪቨርብ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ያለ፣ 22 ዋት፣ ሁለት 6ቪ6 ቲዩብ። አዲሱ ከ1000 ዶላር በላይ ስለሆነ ርካሽ ከሚለው ወጥቷል፣ በመሃል ከተገኘ ግን አትለፈው። ትዊን ሪቨርብ 85 ዋት ነው፣ ክሊኑ አያልቅም፣ ግን 29 ኪሎ ገደማ ነው፣ የሻንጣ ሚዛን ላይ ሲወጣ አክስትህን አስባት። ብሉዝ ጁኒየር 15 ዋት፣ ሁለት ኢኤል 84፣ 12 ኢንች፣ 14 ኪሎ ገደማ፣ ስፕሪንግ ሪቨርብ (በስፕሪንግ የሚሰራ ማስተጋቢያ) አለው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ስለሚሰራ ያገለገለ በብዛት ይገኛል፣ መለዋወጫውም እንደዛው። ድክመቱ ሳጥኑ ትንሽ ነው፣ ድምፁ ትንሽ የታፈነ ይመስላል፣ ፓወር ቲዩቦቹንም ሞቅ አድርጎ ነው የሚያሰራቸው፣ የሚስተካከል ባያስ (ቲዩቡ ምን ያህል ሞቆ እንደሚሰራ የሚወስነው ነገር) ከፋብሪካ አልተሰጠውም። ሆት ሮድ ዴሉክስ ከተገኘ 40 ዋት፣ ሁለት 6ኤል6፣ ወደ 20 ኪሎ፣ ክሊኑ ከብሉዝ ጁኒየር በጣም ይበልጣል፣ ያገለገለው ብዙ ጊዜ ዋጋው አይጋነንም፣ ቮልዩሙ ግን ከ1 ወደ 2 ሲሄድ ዘሎ ነው የሚጮኸው፣ ቤት ውስጥ ያስቸግርሃል። ፒቪ ክላሲክ 30ም ያው 30 ዋት በአራት ኢኤል 84፣ ጠንካራ እቃ ነው። አክስትህ ሆት ሮድ ዴሉክስንና ክላሲክ 30ን ባለችበት ከተማ ብትፈልግልህ ጥሩ ነው፣ ካልተገኘ ብሉዝ ጁኒየሩ።

ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የምጠይቅህ አለ፣ ሆቴሉ ላይ አምፑ ፊት ማይክ ይቆምለታል ወይ? ሚክሰሩ ላይ ባዶ ቻናል ካለና አንድ ተራ ዳይናሚክ ማይክ ስፒከሩ ፊት ከተደረገ 15 ዋት ይበቃሃል፣ አዳራሹን የሚሸፍነው ሳውንድ ሲስተሙ ነው፣ አምፑ ላንተና ለጓደኞችህ ብቻ ነው የሚጮኸው። ማይክ ከሌለ ድራመሩ ደሞ በኃይል የሚመታ ከሆነ ግን 15 ዋት ክሊን ሆኖ አይወጣም፣ 30ና 40 ውስጥ ግባ። ይሄን አንድ ነገር ሳታጣራ ገንዘብ አታውጣ።

ቲዩብ ካልሆነ ክሊን የለም ለሚሉህ ደሞ ይሄ ትክክል አይደለም። በክሊኑ ከሚታወቁት አምፖች አንዱ ሮላንድ ጃዝ ኮረስ 120 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ፣ ውስጡ አንድም ቲዩብ የለም። ፒቪ ባንዲት 112ም ትራንዚስተር ነው፣ 80 ዋት፣ 12 ኢንች፣ ያገለገለው ርካሽ ነው፣ ተጥሎ ተነስቶ ይሰራል፣ ለአምባሰል ቁጭ ብለህ ስትጫወትበት ማንም አያፍርብህም። ቲዩብ ክሊን ላይ የሚጨምረው ነገር አለ፣ ጠንከር አድርገህ ስትመታ ከመሰበሩ በፊት ትንሽ ጨመቅ አድርጎ ይቀበልሃል፣ እጅህ ስር ለስለስ ይላል፣ ቀስ ብለህ ስትነካው ደሞ ይከፈታል፣ ለቅላፄና ለንዝረት ደስ ይላል። ይሄ እውነት ነው። ግን መጥፎ ይዞታ ላይ ካለ ቲዩብ አምፕ ጤነኛ ትራንዚስተር አምፕ በብዙ ይሻላል፣ እዚህ አካባቢ ደሞ ቲዩብ ሲሞት ሱቅ ሄደህ የምትገዛው ነገር አይደለም፣ ከውጭ ነው የሚመጣው። ቲዩብ ከመረጥክ አክስትህ አንድ ጥንድ መለዋወጫ ፓወር ቲዩብና አንድ ፕሪአምፕ ቲዩብ (የጊታሩን ድምፅ መጀመሪያ ተቀብላ የምታጎላውን) አብራ ታምጣ፣ ጄጄ የሚባለው የስሎቫኪያ ምርት ይበቃል። ፓወር ቲዩብ በየሳምንቱ ከተጫወትክበት ከአንድ እስከ ሶስት አመት ባለው ውስጥ ይደክማል፣ ፕሪአምፑ በጣም ይቆያል።

አሁን ዋናው፣ መብራት። እኔ ጋ ከአሜሪካ መጥተው የሚቃጠሉት አምፖች ታሪካቸው አንድ አይነት ነው፣ የአሜሪካው 120 ቮልት ነው የኛ 220፣ ሰው ሶኬቱን በአዳፕተር ቀይሮ ይሰካዋል፣ በቃ። አዳፕተሩ የሚቀይረው ጥርሱን ብቻ ነው፣ ቮልቴጁን አይነካም። ፊውዙ ከሄደ እድለኛ ነህ፣ ፊውዙ በሲጋራ ፎይል ተጠቅልሎ ከነበረ ግን ትራንስፎርመሩ ነው የሚሄደው፣ የትራንስፎርመሩ ዋጋ ደሞ ቀላል አይደለም። ፊውዝ በፎይል አትጠቅልል፣ የተፃፈበትን አምፔር ብቻ አስገባ።

ስለዚህ ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ትገዛለህ። ብሉዝ ጁኒየር ከመስመር የሚወስደው ከሚያወጣው 15 ዋት በጣም ይበልጣል፣ ጀርባው ላይ የተፃፈውን እየው፣ ቢያንስ 500 ቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም የሚለካበት) የሚሸከም ትራንስፎርመር ውሰድ፣ በጣም ትንሹን ገዝተህ ሲግል አትቸገር። የአሜሪካው ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ ነው የኛ 50፣ ይሄንን የሚቀንሰው ትራንስፎርመር አይቀይረውም፣ የአምፑ የራሱ ትራንስፎርመር በ50 ትንሽ ይበልጥ ሊሞቅ ይችላል፣ ጀርባው ላይ 50/60 ከተፃፈ አትጨነቅ፣ 60 ብቻ ከሆነ አየር የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጠው፣ ጀርባውን ግድግዳ ላይ አትለጥፍ።

ይሄን ካደረግክ በኋላም ቢሆን የመስመሩ መዋዠቅ ይቀርሃል። ስሌቱን እየው። ቲዩብ ውስጥ ያለችው ማሞቂያ ክር 6.3 ቮልት ነው የምትፈልገው። ከቀናሹ 110 ከወጣ አምፑ የተሰራው ለ120 ስለሆነ ማሞቂያው ወደ 5.8 ይወርዳል፣ ይሄ ይቻላል፣ ከአስር ፐርሰንት በታች ነው። ማታ ሁሉም ቤት ምጣድ ሲጣድ መስመሩ 190 ላይ ከወረደ ግን ቀናሹ የሚሰጥህ 95 ነው፣ ማሞቂያው 5 ቮልት፣ ፕሌቱ (ቲዩቡ ውስጥ ያለው ትልቁ ብረት) ላይ የሚደርሰው ከፍተኛ ቮልቴጅም በዛው ልክ ይወርዳል። ያኔ አምፑ ሄድሩሙን ያጣል፣ ትላንት ንፁህ የነበረው ቦታ ላይ ዛሬ ይሰበራል፣ አንተ ደሞ ጊታርህን ወይ ገመድህን ትጠረጥራለህ። "አምፔ አንዳንድ ማታ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ" እያሉ የሚያመጡልኝ አሉ፣ እኔ ጋ ቀን ሲሞከር ምንም የለበትም። ስለዚህ ስታቢላይዘር ከቀናሹ ትራንስፎርመር በፊት አድርግ፣ መስመር፣ ስታቢላይዘር፣ ቀናሽ፣ አምፕ፣ በዚህ ቅደም ተከተል። ሪሌ ያለው ርካሹ አይነት ሲቀይር ቀጭ ይላል፣ ያ ቀጭታ በስፒከር ሊሰማ ይችላል፣ ሰርቮ ሞተር ያለው አይነት ለስለስ ብሎ ነው የሚያስተካክለው፣ አቅምህ ከቻለ እሱን። መብራት ድንገት ከሄደ ደሞ ጄኔሬተር እስኪነሳ አትጠብቅ፣ መጀመሪያ አምፑን አጥፋው፣ ጄኔሬተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚለቀው ቮልቴጅ ልክ የለውም፣ ትንሽ ይረጋጋ ከዛ አብራው።

ኧርዝ። ይሄን እባክህ በቁም ነገር ስማኝ። የጊታርህ ክሮች በገመዱ በኩል ከአምፑ ብረት ጋር የተገናኙ ናቸው። የአምፑ ብረት ደሞ በሶስተኛው ጥርስ ከመሬት ጋር መገናኘት አለበት። ሶስተኛው ጥርስ በአዳፕተር ከተዘለለ ወይ የቤቱ ሶኬት ላይ ኧርዝ ካልተዘረጋ፣ አንድ ቀን ውስጥ የሆነ ነገር ሲበላሽ ክሮችህ ላይ መብራት ይመጣል፣ አንተ በግራ እጅህ ክር ይዘህ በከንፈርህ ማይክ ስትነካ መንገዱ በደረትህ ነው የሚያልፈው። ማይክ ከንፈርህን ሲነዝርህ "ትንሽ ነው" ብለህ አትለፈው፣ የዛን ቀን አትጫወት ኤሌክትሪሽያን ይታይ። ቀናሽ ትራንስፎርመሩን ስትገዛም ኧርዙን ከመግቢያው ወደ መውጫው የሚያሳልፍ መሆኑን በመልቲሜትር አስፈትሸው፣ የማያሳልፉ አሉ። ሳውንድ ሲስተሙና አምፑ ከአንድ ዲቫይደር ቢወስዱ ኸሙም ይቀንስልሃል።

ቲዩብ አምፕ ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ አለ፣ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ቲዩብ ከውጭ መንቀል ይቻላል ጠፍቶ ከቀዘቀዘ፣ ሻሲውን (ሽቦዎቹን የያዘውን የብረት ሳጥን) መክፈት ግን የማያውቅ ሰው ስራ አይደለም። ስፒከሩ ሳይሰካም ቲዩብ አምፕ አብርተህ አትጫወት፣ አውትፑት ትራንስፎርመሩን ይበላዋል፣ ትራንዚስተር ላይ የለመደ ሰው ይሄን አያውቅም።

ያገለገለውን ለማየት አክስትህ ቴክኒሻን መሆን የለባትም፣ ስልኳ ይበቃል። ሻጩ አብርቶ አምስት ደቂቃ ያህል ይቆይ፣ ከዛ ክፍሉን አጨልማ ከጀርባው ቲዩቦቹን ቪዲዮ ታንሳ። መሃላቸው ብርቱካናማ ፍም መብራት ትክክል ነው፣ መስታወቱ ላይ ሰማያዊ ነገር ብታይም ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ግራጫው ትልቁ ብረት ራሱ ከቀላ ግን ቲዩቡ ወይ ባያሱ ችግር አለበት፣ አትግዛ። ከዛ ሁሉንም ኖብ ታዙር፣ ከተንኮሻኮሸ ትንሽ ነገር ነው ይፀዳል። ቮልዩም እየጨመረች ማንም ጊታር ሳይነካ ትስማ፣ ትንሽ ሽሽታ ያለ ነው፣ ወፍራም ኸም ካለ ካፓሲተር ደክሟል። እርሳስ ይዛ ቲዩቦቹን አንድ በአንድ ቀስ ብላ ትንካ፣ አንዱ እንደ ደወል ከጮኸ እሱ ይቀየራል፣ ዋጋ ላይ መቀነሻ ይሆናታል። ሪቨርቡንም ትክፈተው።

ማምጣቱ ላይ፣ ቲዩቦቹ ተነቅለው እያንዳንዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ በእጅ ሻንጣ ይምጣ፣ የትኛው የት እንደነበረ ፎቶ ይነሳ። ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ከሆነ አምፑን ፖርቶ መጋላ ላይ እንዳታስጭነው፣ ጣርማ በርን ወርዶ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ እስኪመጣ እላይ ሲንገጫገጭ የስፒከሩ ብሎንና የሪቨርቡ ስፕሪንግ ነው የሚፈታው፣ እግርህ ስር ይግባልህ ብለህ ለመን። ስትደርስ ወዲያው አትሰካው፣ ብሎኖቹን አጥብቅ፣ ቲዩቦቹን በቦታቸው መልስ፣ ፒኖቻቸው ቀጫጭን ስለሆኑ በግድ አትግፋ።

አሁን በእጅህ ገባ እንበል። ብሉዝ ጁኒየር ላይ ለክሊን እንዲህ ጀምር፦ ማስተሩን (ጠቅላላ ጩኸቱን የሚቆጣጠረውን ኖብ) እስከ መጨረሻው ክፈተው፣ ቮልዩሙን ከ3 ጀምረህ የምትፈልገው ጩኸት ጋ እስኪደርስ ጨምር። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፣ ማስተሩን ዝቅ አድርጎ ቮልዩሙን ይጨምራል፣ ያኔ ፕሪአምፑ ይሰበራል አምፑ ገና ሳይጮህ። ፋት የምትለው ስዊች ትጥፋ። ቤዙን 3 ወይ 4 ላይ ተው፣ አብዛኛውን ጉልበት የሚበላው ቤዝ ነው፣ ቤዝ ስትቀንስ ሄድሩም ይጨምራል፣ ከባንድ ጋር ስትሆን ደሞ ያ ቦታ የቤዝ ጊታሪስቱ ነው። ሚዱን ከፍ አድርግ፣ ለብቻህ ስትሰማው ላይጥምህ ይችላል ግን ኪቦርድ ሲገባ ባቲህ የሚሰማው በሚዱ ነው። ሪቨርብ ትንሽ፣ ግማሽ ድምፆቹ ላይ ከበዛ መልሶ ያቆሽሽብሃል። ጊታርህን ቮልዩም 7 ወይ 8 ላይ አድርግና 10ን ለሶሎ አስቀምጠው። ፒካፖቹ ክሩ ስር በጣም ከተጠጉ በስክሩድራይቨር ትንሽ ዝቅ አድርጋቸው፣ ምንም ወጪ የሌለው ክሊን ነው፣ ክሮቹም በነፃነት ይነዝራሉ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ቶሎ ከተሰበረብህ የመጀመሪያውን ፕሪአምፕ ቲዩብ ቀይር። እዛ ያለው 12ኤኤክስ7 ነው፣ የማጉላት መጠኑ 100 ነው። 5751 ብታስገባ 70፣ 12ኤቲ7 ደሞ 60፣ 12ኤዋይ7 44። ቦታው ላይ ገጥመው የሚገቡ ናቸው፣ ምንም መበየድ አያስፈልግም። እኔ ለስትራት 5751ን ነው የምመርጠው፣ ክሊኑን ያረዝመዋል ድምፁን ግን አያደነዝዘውም፣ 12ኤዋይ7 ለአንዳንድ ሰው ይደነዝዝበታል። አክስትህ መለዋወጫ ስታመጣ ያ አንዱ ፕሪአምፕ ቲዩብ 5751 ይሁን።

ባንዱ ውስጥ ፒካፕ ያለው ክራር ካለና በዚሁ አምፕ ልሰካ ካለህ እሺ በለው፣ ግን የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን ብዙ ስለማያወጣ የክራሩ የላይኛው ጥራት ይጠፋል፣ ለክራሩ በቀጥታ ሚክሰር ይሻለዋል።

ለአክስትህ ዛሬ የምትልክላት መልእክት ይሄ ነው፦ ሻጩ የአምፑን ጀርባ ፎቶ ያንሳ፣ ሶኬቱ ጋ ቮልቱ፣ ኸርዙና የፊውዙ አምፔር የተፃፈበት ቦታ በግልፅ ይታይ፣ አንድ ደሞ ጀርባው ተከፍቶ የስፒከሩ ስምና ኦም የሚነበብበት። ሁለቱን ፎቶ ላክልኝ፣ ምን ያህል ቪኤ ትራንስፎርመር እንደምትገዛና ስፒከሩ መቀየር እንዳለበትና እንደሌለበት እነግርሃለሁ።